የሪህ መድኃኒት ፍለጋ ለደከማችሁ፦ የለገጣፎዋን እማማ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ማለት ያነሰባቸው ሴት አሉ። ለገጣፎ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ባላት ጠባብ ሱቅ ደረቅ ቅጠልና ቅመም ይሸጣሉ። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ አደራ ስላሉኝ እማማ ብዬ አልፋለሁ፤ ሰፈሩም የሚጠራቸው እንደዚያው ነው።

አባቴ በደሙ ውስጥ ያለው፣ ዩሪክ አሲድ የሚሉት ቆሻሻ ከፍ ብሎ ሪህ ይዞታል። የያዘው ሰው ያውቀዋል፤ የእግሩ አውራ ጣት ቀልቶ ሲያብጥ የነጠላ ጫፍ እንኳ ሲነካው ይጮሃል። ሰው ሲጨነቅ ደግሞ መካሪ አይጠፋም። አንዱ «ከሥሩ ነቅሎ የሚጥል» እያለ በላስቲክ ጠርሙስ ጥቁር ውሃ ሸጠለትና የጡረታ አበሉን ግማሽ ወሰደ። ምንነቱን ስንጠይቀው «የአባቶች ምስጢር ነው» አለን። ሌላዋ የሐኪሙን ክኒን ይጣሉ፣ ሽሮና ምስር በቤትዎ እንዳይዞር አለችው። ያውም በዐቢይ ጾም! በጾም ሽሮ የተከለከለ ሰው ምን ይብላ? በድንችና በጎመን ከሳ፤ እግሩም ባሰበት። ስማቸውን አልጠራም፤ ገንዘባችንን ግን አልረሳሁትም።

እማማ ዘንድ የሄድነው ከርከዴ ልንገዛ ነበር፤ ዩሪክ አሲድ ያወርዳል ሲባል ሰምተን። እሳቸው ጣሳውን ሳይከፍቱ አባቴን በርጩማ ላይ አስቀመጡና «የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ያሳዩኝ» አሉት። ታናሽ ወንድሜን ልኬ ፌስታሉን አስመጣሁ። መነጽራቸውን አድርገው እያንዳንዱን እያገላበጡ አነበቡ፤ አንዱን ለብቻ አወጡ። ለደም ግፊት የታዘዘለት፣ ሽንት የሚያበዛው ክኒን ነው።

«ጋሼ፣ ይህ ዓይነቱ ክኒን ዩሪክ አሲድን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። በራስዎ እንዳያቋርጡት! ለሐኪምዎ ግን ይንገሩ። ከርከዴውንም አልሸጥልዎትም፤ እሱም ግፊት ይቀንሳልና ከክኒኑ ጋር ተደርቦ ከልክ በላይ እንዳያወርድብዎት።»

በእጁ ያለውን ዕቃ አልሸጥም ያለ ነጋዴ ያን ቀን አየሁ። ለሐኪሙ የሚነገረውንም በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ሰጡን። አምስት ሳንቲም አልተቀበሉም።

ሐኪሙ ወረቀቱን አንብቦ የግፊቱን መድኃኒት ቀየረው፤ ለዩሪክ አሲዱም አሎፑሪኖል አስጀመረው። እንዴት እንደሚሠራ አትጠይቁኝ። እኔ የማውቀው 9.4 የነበረው ቁጥር 5.8 መግባቱን ነው፤ ሐኪሙ የፈለገው ከ6 በታች ነበር።

እማማ ዕፅዋት ይንቃሉ ማለቴ አይደለም፤ እንጀራቸው ነው። «ሪህ ሲነሳ ሐኪም የሚያዘው ኮልቺሲን ራሱ ከአበባ ተክል የተገኘ ነው። መጠኑ ካለፈ ግን ይገድላል። ቅጠል ስለሆነ አይጎዳም የሚላችሁን አትመኑ» ይላሉ። ሽሮውን ፈቀዱለት፤ የሚያስቸግረው ጉበቱ፣ ኩላሊቱ፣ ዱለቱና ቢራው ነው እንጂ ጥራጥሬው አይደለም ብለው። ውሃ አብዝቶ እንዲጠጣ መከሩት። ቡና አዘውትረው የሚጠጡ ሰዎች ዩሪክ አሲዳቸው ዝቅ ብሎ እንደሚገኝ የነገሩት ጊዜማ አባቴ ሊስማቸው ምንም አልቀረው። አሁን በረካው ሳይቀዳ ከረከቦቱ አጠገብ አይነሳም፤ እናቴ ስትቆጣው «የእማማ ትእዛዝ ነው» ይላል።

ዝንጅብሉንም ኮረሪማውንም ዛሬ የምንገዛው ከእሳቸው ነው። ሚዛናቸው አይጎድልም፣ ቅመማቸው አፈር የለበትም። እንዲህ ያለ ሰው በዚህ ዘመን ከየት ይገኛል? ዕድሜ ይስጥልን።

ለገጣፎም ሆነ ለገዳዲ፣ አያትም ያላችሁ፣ ሂዱ። በእውነት ሂዱ። እሑድ ዝግ ናቸው። የመድኃኒት ፌስታላችሁንና የላቦራቶሪ ወረቀታችሁን ሳትይዙ ግን እንዳትሄዱ፤ ከበር ይመልሷችኋል።