ሄርማታ አካባቢ ያለው የኬሚስትሪ ማጠናከሪያ፦ መምህሩ ጎበዝ፣ ፎቶ ኮፒው ጉድ

ልጄ 9ኛ ክፍል ናት። ጅማ ሄርማታ አካባቢ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ኬሚስትሪ የሚያስጠኑበት ቤት አስመዘገብኋት። ክፍያው ከሰፈራችን አስጠኚዎች ይበልጣል። ገንዘቤ ምን ላይ እንደሚውል ማየት ስለምወድ አስፈቅጄ የኋላው አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ።

የዕለቱ ርዕስ ቫሌንስ ኤሌክትሮን (የውጭ ምህዋር ላይ ያለው) እና አዮናዊ ትስስር ነበር። እኛ ስንማር ሶዲየም የውጭ ምህዋሩ ላይ ያለውን አንድ ኤሌክትሮን ይሰጣል፣ ሰባት ያለው ክሎሪን ተቀብሎ ስምንት ይሞላል፤ አለቀ። እኚህ መምህር ግን «ለመሆኑ ሶዲየም ኤሌክትሮኑን በነጻ የሚሰጥ ይመስላችኋል?» ብለው ጠየቁና ሒሳቡን ሰሌዳው ላይ ዘረገፉት። በጋዝ መልክ ካለ አንድ ሞል (የኬሚስቶች የብዛት መለኪያ) ሶዲየም ኤሌክትሮን ለመንጠቅ 496 ኪሎ ጁል ይወጣል፤ ክሎሪን ሲቀበል የሚመለሰው 349 ብቻ ነው። የ147 ጉድለት! የቡና ነጋዴዎችን መዝገብ ስይዝ ለኖርሁት ለእኔ ይህ ግልጽ ኪሳራ ነው፤ ከተማሪዎቹ ይልቅ መልሱን የጓጓሁት እኔ ነበርሁ። ለካ አዮኖቹ፣ ማለትም ኤሌክትሮን ሰጥተው ፖዘቲቭ፣ ተቀብለው ኔጌቲቭ የሆኑት አተሞች፣ ተሳስበው ክሪስታል ሲሠሩ 787 ኪሎ ጁል ይለቀቃል፤ ጉድለቱን ሸፍኖ ይተርፋል። በጨው ፍሬ ውስጥም ሶዲየምና ክሎሪን ሁለት ሁለት ሆነው አልተጣመሩም፤ እያንዳንዱ አዮን በ6 ተቃራኒዎች ተከቧል። ጨው ለመቅለጥ 801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈልገውም ይህን ሁሉ መሳሳብ ለማላላት ነው።

ቀጥለው ባትሪ፣ ሽቦና አንዲት ትንሽ የኤልኢዲ አምፖል አወጡ። ሽቦዎቹ ደረቅ ጨው ላይ ሲያርፉ አምፖሏ ጭልም እንዳለች ቀረች፤ ጨው የሟሟበት ውኃ ውስጥ ሲነከሩ በራች። አዮኖቹ ፊትም ነበሩ፤ መንቀሳቀስ የቻሉት ግን ሲሟሙ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። የሚታደለው ወረቀት የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ነው። ኤሌክትሮን በነጥብ በሚወከልበት ትምህርት ላይ የማሽኑ የቀለም ጠብታ ምን እንደሚያደርግ አስቡት። ልጄ ክሎሪን ዙሪያ ስምንት ነጥብ ቆጥራ «አባዬ፣ ይሄማ ሞልቶለታል፤ ከሶዲየም ምን ይፈልጋል?» አለችኝ። አንዱን ነጥብ በጥፍሬ ብፍቀው ወረቀቱ ተቀደደ። ለአስተዳደሩ ብናገር «ቶነር (የማሽኑ ቀለም) ተወዷል» ተባልሁ። በዚያ ክፍያ ይህ መልስ አይዋጥልኝም።

ብረትን የመሰሉ፣ አንዴ 2 አንዴ 3 ኤሌክትሮን የሚለቁ ንጥረ ነገሮች ላይም መልመጃው ስስ ነው። ለመምህሩ ብዬ የሚቀጥለውን ወር ከፍያለሁ። ልጆቻችሁን የምትልኩ ግን ነጥቦቹን ከሰሌዳው በእጃቸው እንዲገለብጡ ንገሯቸው።