ለጠባሴው መካኒክ፣ ከልብ የመነጨ ምስጋና

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሣር ማጨጃ፣ የውኃ ፓምፕ ወይም መውቂያ ይዞ ጥሩ መካኒክ ያጣ ሰው ካለም የት እንደሚሄድ ይወቅ ብዬ ነው።

የምኖረው ከቻጫ ወጣ ብሎ ነው። አምስት የወተት ላሞች አሉኝ። ከእነሱ የሚተርፈውን ድርቆሽ እሸጣለሁ። የድርቆሽ ሥራ የቀናት ጉዳይ መሆኑን አካባቢውን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ሲጠጥር፣ ሣሩ ገና አረንጓዴ ሳለ መታጨድ አለበት። ከዘገየ ሌሊት ውርጭ ይመታዋል፣ ቀን ፀሐይ ያደርቀዋል፤ የሚተርፈው እንደ ገለባ ያለ ነገር ነው። ላም ትበላዋለች፣ ወተቱ ግን ይቀንሳል።

ከሦስት ዓመት በፊት ወንድሜ ያገለገለ ማጨጃ ገዛልኝ። የራሱ ሞተር ያለው ነው፤ የጎረቤቴ ትንሽ ትራክተር ከኋላው ይጎትተዋል። ከሥሩ ሁለት ትልልቅ ቢላዎች አሉት። ሞተሩ ቢላዎቹን የሚያዞረው ጎን ለጎን በሚሄዱ ሁለት ቺንጋዎች (የጎማ ቀበቶዎች) ነው። እያንዳንዱ ቢላ የሚዞርበት ሻፍት (ዘንግ) ከላይና ከታች ኩሽኔታ፣ ማለትም ሻፍቱ በቀላሉ እንዲዞር የሚይዝ ውስጡ ኳስ ያለው ቀለበት አለው፤ በጠቅላላው አራት ኩሽኔታ ማለት ነው።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ፣ ሥራ በጀመርን በሁለተኛው ቀን ማፏጨት አመጣ። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ጎማ ሸተተን። መጀመሪያ ቅርብ ያለ ሰው ጋ ወሰድነው፤ ማንነቱን አላነሳም። አዲስ ኩሽኔታ በመዶሻ ደብድቦ አስገባ። ልኩን ቺንጋ አጣሁ ብሎ አንዱን ብቻ፣ እሱንም ረዘም ባለ ቀየረውና ወጥሮ አሰረው። ከፍዬ ተመለስኩ። በስምንተኛው ቀን ያው ድምፅ፣ ያው ሽታ። ግማሹ ሣር ገና አልታጨደም ነበር። ሜዳው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ስለ ጠባሴው ሰው የነገረችኝ ወተት የምናስረክብበት ቦታ የማገኛት ጎረቤቴ ናት። ማጨጃውን አይሱዙ ላይ ጭነን ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ገባን። ጋሼ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ስድሳን ያለፈ ይመስለኛል። ገና ከመኪናው ሳይወርድ መጀመሪያ ያደረጉት ለሞተሩ የእሳት ብልጭታ የሚሰጠውን የካንዴላውን ገመድ መንቀል ነበር። «ቢላ ያለበት ነገር ላይ እጅ ከመግባቱ በፊት ይኼ ይነቀላል» አሉ ለረዳታቸው። ልጁ ያወቀው ነገር ነው፤ የተናገሩት ለእኔ ይመስለኛል።

እኔ የጠበቅኩት ዕቃ ቀይረው እንዲመልሱልኝ ነበር። እሳቸው ግን «ልጄ፣ ኩሽኔታ ዝም ብሎ አይሞትም። ምን እንደገደለው ሳናውቅ አዲስ ብንከት ገንዘብሽን መድፋት ነው» አሉኝ። ማመስገን የፈለግኩት በዋናነት ለዚህች ንግግር ነው።

ፈቱት። የታችኛው ኩሽኔታ ሥር፣ ሻፍቱ ላይ፣ ሣር እንደ ገመድ ተጠምጥሞ ነበር። ጠቁሮና ጠጥሮ፣ በእጅ የማይላቀቅ። በቢላዋ እየሰነጠቁ አወጡት። ሣሩ ሲሽከረከር ግሎ የኩሽኔታውን የጎማ ክዳን በልቶታል፤ በዚያ በኩል አቧራ ገብቶ ግራሶው ወደ ጥቁር ጭቃ ተለውጧል። ኩሽኔታውን ጆሮዬ ሥር ይዘው በአንድ ጣት ቀስ ብለው አዞሩት። አሸዋ የሚፈጭ ድምፅ አለው። ከዚያ አዲስ አንሥተው አዞሩልኝ። ምንም አይሰማም። ከዚያ ቀን ወዲህ ጥሩና መጥፎውን ራሴ እለያለሁ።

ሁለተኛው ጥፋት ቢላው ጋ ነበር። ድንጋይ መትቶ ጫፉ ተቆርሷል። መሐሉ ላይ ባለው ቀዳዳ ግድግዳ ላይ ካለ ሚስማር አንጠለጠሉት፤ አንዱ ወገን ዝቅ ብሎ ቀረ። «አየሽ፣ ይኼ ሚዛኑን ስቶ በዚያ ፍጥነት ሲዞር ኩሽኔታውን ቀን ሙሉ ይደበድበዋል» አሉ። የከበደውን ወገን እየሞረዱ ደጋግመው ሰቀሉት፤ በመጨረሻ አግድም ቀጥ ብሎ ቆመ። ሦስተኛው ደግሞ የፑሊው፣ ቺንጋው የሚዞርበት መንኮራኩር ነገር ነው። ሲባጎ ይዘው ከሞተሩ ፑሊ እስከ ቢላው ፑሊ ወጠሩና የአንደኛው ጠርዝ ከሲባጎው መራቁን አሳዩኝ። ቺንጋው ጠማማ እየሄደ ጎኑ የተበላው ለዚህ ነው።

ኩሽኔታውን የገዛሁት ራሴ ነኝ። ከአሮጌው ላይ ቁጥሩን አንብበው ወረቀት ላይ ጻፉልኝ፦ 6205። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች በ5 ሲባዙ የሻፍቱን ውፍረት በሚሊ ሜትር ይሰጣሉ አሉኝ፤ 05 ሲባዛ በ5፣ 25። ከሥሩ ደግሞ «በሁለቱም ጎን የጎማ ክዳን ያለው» ብለው ጨመሩ፤ የብረት ክዳን ያለው ለሣርና ለአቧራ ሥራ አይሆንም። እንዲህ ዓይነቱ ዝግ ኩሽኔታ ከፋብሪካው ግራሶ ይዞ ስለሚመጣ ግራሶ አይጨመርበትም። ቺንጋው ደብረ ብርሃን ጠፋ። የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ፣ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ፈልጎ በማግስቱ በሚኒባስ ላከልኝ። ሁለቱንም እንዲገዛ አጥብቀው አሳስበው ነበር። አሮጌው ስለሚለጠጥ ከአዲሱ ጋር እኩል አይጎትትም፤ ሸክሙ ሁሉ አዲሱ ላይ ይወድቃል።

ሲገጥሙ ዓይኔን አልነቀልኩም። ኩሽኔታውን ወደሚቀመጥበት ቀዳዳ ሲያስገቡ በውጨኛው ቀለበት ልክ የተቆረጠ ቧንቧ አስደግፈው፣ እኩል እኩል እየገፉ ነው። መሐሉ ከተመታ ምቱ በኳሶቹ በኩል ስለሚያልፍ ገና ሳይሠራ ይጎዳል። የመጀመሪያው ሰው መዶሻ ትዝ አለኝ። ቺንጋውንም በካቻቪቴ አልፈለቀቁም። መወጠሪያውን አላልተው በእጅ አለበሱትና መልሰው ወጠሩት።

ሥራው አንድ ቀን ተኩል ፈጀ። የእጅ ዋጋ 2,500 ብር ከፈልኩ። ወልቆ የወጣውን አሮጌ ዕቃ ሁሉ በፌስታል አድርገው መለሱልኝ። ትንሽ ልጨምር ብል «ለላሞቹ ፉርሽካ ግዢበት» ብለው እምቢ አሉ።

ከዚያ ወዲህ የቀረውን ሜዳ በሙሉ አጨድን። እንዳዘዙኝ ሁለት ሦስት ሰዓት ከሠራ በኋላ አቁመን ቺንጋውን አየነው፤ ትንሽ ላልቶ ስለነበር ወጠርነው። በየማታው ሞተሩ ጠፍቶ፣ ካንዴላው ተነቅሎ ሻፍቱ ላይ የተጠመጠመ ሣር ካለ እናነሣለን። አምስት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። አሁን ድርቆሹ ተከምሯል።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ረዳትዎ ልጅም ይደግልኝ፤ እጁ የእርስዎን እጅ እየተከተለ ነው።

ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ለምነውኛል። የሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛለሁ። ቅዳሜ ሰው ስለሚበዛባቸው በሌላ ቀን ብትሄዱ ይሻላል። ማጨጃ የምትወስዱ ደግሞ ቢላውን ቤት እንዳትተዉት። መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።