የመዋኛ ገንዳ ክዳን፦ በበጋ የሚፈተን ዕቃ

ለገጣፎ ያለው የቤታችን ገንዳ 8 ሜትር በ4 ነው። ክረምቱን ዝናቡ ይበቃዋል፤ ጭንቀቱ የሚመጣው ከጥቅምት በኋላ ነው። ፀሐዩና ደረቁ ነፋስ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢቀንሱት 160 ሊትር ተነነ ማለት ነው፤ ስምንት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን! የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር፣ ቦረና ላይ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ከሽፈው ከብት ባለቀበት አገር፣ ይህን ዝም ብሎ ማየት ያመኛል።

ስለዚህ ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ፣ ባለ አረፋ ሰማያዊ የፕላስቲክ ክዳን ገዛን። ወድጄዋለሁ። ቀድሞ በየሳምንቱ ውሃ እንጨምር ነበር፤ አሁን ልዩነቱ ከግድግዳው ሴራሚክ ላይ በዓይን ይታያል። ክሎሪኑም ቶሎ አያልቅም፤ የባሕር ዛፍ ቅጠልም አይገባም።

ጉድለት አለው። አብሮት የመጣው ገመድ ቀጭን ነው፤ የከሰዓት ነፋስ ጠርዙን ሲገለብጠው አሸዋ የሞላ ከረጢት ጫንንበት። የበልግ ዝናብም ላዩ ላይ ይጠራቀማል፤ እኛ እየቀዳን ለጎመን እናጠጣዋለን።

ከሁሉም በላይ ግን ሻጩ ያልነገረን ነገር አለ፤ ይህ ክዳን ሰው አይሸከምም። ሕፃን ቢረግጠው ይሰምጣል፣ ፕላስቲኩም ላዩ ላይ ይከደንበታል። ልጆች ያላችሁ መጀመሪያ ገንዳውን ቁልፍ ባለው አጥር እጠሩ፤ ክዳኑን ከዚያ በኋላ ግዙ። ስታነሱትም ጥላ ውስጥ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት፤ ፀሐይ ፕላስቲኩን ያደርቀዋል።