የዞረ ስክሪን የተበላሸ ስክሪን አይደለም፦ አዲስ አበባ ላይ ላፕቶፕ ለሚያስጠግኑ

ዘንድሮ ከጀርመን ለእህቴ ልጅ ያመጣሁት ላፕቶፕ በሦስተኛው ቀን ስክሪኑ ዞሮ በጎኑ ተኛ። ሁለት ጥገና ቤቶች አይተውታል። ሃያ ሁለት አካባቢ ያለው መጀመሪያ 9,000 ብር ጠየቀ፤ በመጨረሻ 1,500 ብር ተቀብሎ የልጅቷን ፋይል በሙሉ ደምስሶ መለሰው። አራት ኪሎ ያለችው ትንሽ ሱቅ ደግሞ መጀመሪያ መሠራት የነበረበትን በ300 ብር ሠራች። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው በዚሁ ነገር እንዳይበላ ነው።

የመጀመሪያው ቤት ቃል ይህ ነበር፦ «ጋሼ፣ የስክሪኑ ኬብል ተቃጥሏል፤ ስክሪኑም አብሮ መቀየር አለበት።» ይህ ሊሆን አይችልም። ኬብሉ ምስሉን ከማዘርቦርድ ወደ ስክሪን ያደርሳል እንጂ አያዞርም። ኬብል ሲጎዳ ምልክቱ ሌላ ነው፦ ስክሪኑ ላይ መስመር ይወጣል፣ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ክዳኑን ከፍ ዝቅ ስታደርጉት ምስሉ ይጠፋል፣ ወይም ጭራሹን ይጨልማል። ምስሉ ጥርት ብሎ እየታየ አቅጣጫው ብቻ ከተለወጠ ጉዳዩ የሴቲንግ ነው።

ማረጋገጫው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ላፕቶፑን አጥፍታችሁ አብሩትና ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚመጣውን የአምራቹን አርማ ተመልከቱ። አርማው ቀጥ ብሎ ታይቶ፣ ዊንዶውስ ሲገባ ብቻ ከዞረ ምንም የሚቀየር ዕቃ የለም። (ከኪቦርድ የሚነጠሉ አንዳንድ ትናንሽ ታብሌቶች ስክሪናቸው ከፋብሪካ ቁመቱ ላይ ስለተሠራ አርማው በጎኑ ሊታይ ይችላል፤ እሱም ብልሽት አይደለም።) ማንም ሰው ካቻቢቴ ከማንሳቱ በፊት ይህን ፊታችሁ እንዲያደርግ ጠይቁ። ካላደረገ ላፕቶፑን ይዛችሁ ውጡ።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ኪቦርዱ ነው። የኢንቴል ግራፊክስ ባላቸው ላፕቶፖች፣ በተለይ በቆዩ ድራይቨሮች (ዊንዶውስን ከዕቃው ጋር የሚያግባቡ ፕሮግራሞች)፣ ኮንትሮልና አልት ተይዘው ከቀስት ቁልፎች አንዱ ሲነካ ስክሪኑ ይዞራል፦ ወደ ታች ያለው ቀስት ይገለብጠዋል፣ የግራና የቀኝ ቀስቶች በጎኑ ያስተኙታል፣ ወደ ላይ ያለው ይመልሰዋል። ከጀርመን የመጣ ላፕቶፕ ግን ተጨማሪ ጣጣ አለው፤ ለዘመድ ዕቃ የምታመጡ ይህን ያዙልኝ። ኪቦርዱ ላይ ኮንትሮል የሚል ጽሑፍ የለም፤ በቦታው ያለው «ስትርግ» የሚል ነው። ከስፔስ በስተቀኝ ያለው «አልት ጂአር» ደግሞ ለዊንዶውስ ኮንትሮልና አልት አንድ ላይ እንደተጫኑ ይቆጠራል። ኢሜይል ላይ የሚገባው የ«አት» ምልክት በጀርመን ኪቦርድ የሚጻፈው በዚህ ቁልፍ ስለሆነ ጣት እሱ ላይ ያዘወትራል። ከዚያ በስህተት ቀስት ከተነካ ስክሪኑ ይተኛል። መፍትሔውም እዚያው ነው፤ አልት ጂአርን ይዞ ወደ ላይ ያለውን ቀስት መጫን።

ቁልፉ ካልሠራ በሴቲንግ ይኬዳል። የዊንዶውስን ቁልፍ ይዛችሁ «አይ» (I) የሚለውን ፊደል ተጫኑ፤ ሲስተም፣ ከዚያ ዲስፕሌይ፣ ከዚያ ዲስፕሌይ ኦሪየንቴሽን። አራት ምርጫ አለ፤ የሚፈለገው ላንድስኬፕ ነው። በጀርመንኛ ዊንዶውስ ላይ ይህ «ክቬርፎርማት» ተብሎ ተጽፏል። ቃሉ ውስጥ ፎርማት ስላለ የሚደነግጥ አለ፤ ፋይል ከመደምሰስ ጋር ምንም አያገናኘውም፣ አግድም ማለት ነው። ከመረጣችሁ በኋላ ለውጡን እንዲያጸድቀው በ15 ሴኮንድ ውስጥ ካልነገራችሁት ዊንዶውስ ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል። «አስተካከልኩት፣ ግን ተመልሶ ዞረ» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ያመለጣቸው ይህች ናት።

ስክሪኑ ዞሮ እያለ የማውሱ ቀስት ወዳልፈለጋችሁት ይሄዳል። ላፕቶፑን በጎኑ ብታቆሙት ምስሉ ይቃናል፤ ታችፓዱ (በጣት የሚነካው የማውስ ቦታ) ግን አብሮ ስለሚዞር ያው ያስቸግራል። በዩኤስቢ የሚሰካ ማውስ ጠረጴዛ ላይ አድርጉ፣ እጅና ዓይን ወዲያው ይስማማሉ። ማውስ ከሌለ በታብና በቀስት ቁልፎች መጨረስ ይቻላል። ክዳናቸው ወደ ኋላ ዞሮ ታብሌት የሚሆኑት ደግሞ አቋማቸውን የሚለይ ሴንሰር አላቸው፤ እነሱ ላይ የዊንዶውስን ቁልፍ ከ«ኤ» (A) ፊደል ጋር ተጭናችሁ ሮቴሽን ሎክ (የመዞር መቆለፊያ) የሚለውን ማየት ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። የመጀመሪያው ቤት ስክሪን አልቀይርም ስንለው «እንግዲያው ፎርማት ይደረግ» አለ። ፎርማት ማድረግ ስክሪኑን ያቃናዋል፤ ሴቲንጉ ከሌላው ነገር ሁሉ ጋር ስለሚጠፋ ነው። ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው፤ ችግሩ ሲጠፋ ስላየ ሥራ የተሠራ ይመስለዋል። ላፕቶፑ ኤስኤስዲ (የተደመሰሰን ነገር ቶሎ ጠራርጎ የሚያጠፋ የፋይል ማከማቻ) ያለው ስለነበር ደግሞ የተደመሰሰው ፋይል በኋላም ሊመለስ አልቻለም። የልጅቷ የመመረቂያ ጽሑፍ ግማሹ እዚያ ውስጥ ነበር፣ ኮፒ ያለው አልነበረም፣ «ፋይል አለሽ ወይ» ብሎ የጠየቀ ሰውም አልነበረም። ፍራንክፈርት ላይ ዕቃ ለጥገና ሲሰጥ ምን እንደሚሠራና ስንት እንደሚያስወጣ በወረቀት ተጽፎ አንብቦ ማየት የተለመደ ነው። እዚህ ደረሰኝ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «ዲያስፖራ ናችሁ፣ ደረሰኝ ምን ያደርግላችኋል» የሚል ነበር። አገሬ ላይ እንግዳ ተደርጌ መቆጠሬ ከ1,500 ብሩ በላይ ከነከነኝ።

ሥራውም ቢሆን ጎዶሎ ነበር። አዲስ ዊንዶውስ ተጭኖ የግራፊክስ ድራይቨር ሳይገባ ቀረ። እንዲህ ሲሆን ኮምፒውተሩ ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር በሚባለው ጊዜያዊ ድራይቨር ይሠራል፦ የስክሪኑ ብርሃን አይቀነስም፣ ፊደሉ ይደበዝዛል፣ ሁለተኛ ሞኒተር ሲሰካ አይታይም፣ አቅጣጫ መቀየሪያውም ከሴቲንጉ ይጠፋል ወይም አይነካም። ቤታችሁ ስትደርሱ እነዚህን ካያችሁ ዲቫይስ ማናጀርን ከፍታችሁ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ የሚለው ሥር የማንን ስም እንደሚያሳይ ተመልከቱ፤ ያው ማይክሮሶፍት ቤዚክ ከሆነ ድራይቨሩ አልገባም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ከኢንተርኔት ጋር ማገናኘትና ዊንዶውስ አፕዴትን ማስኬድ ይበቃል።

አራት ኪሎ ያለችው ሱቅ አንዲት ጠረጴዛ ናት። ቴክኒሻኗ ወጣት ልጅ ነች። መጀመሪያ አጥፍታ አበራችና አርማውን አሳየችን። ከዚያ ድራይቨሩን ጫነች። ድራይቨሩ ሲገባ ያ የቁልፍ ጥምረትም ተመልሶ እንደሚመጣ ስለምታውቅ ዴስክቶፑ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋ፣ በግራፊክስ ኦፕሽንስ ገብታ፣ ሆት ኪስ (የቁልፍ ጥምረቶች) የሚለውን ዲሴብል አደረገችው፣ አጠፋችው ማለት ነው። (በኋላ በመጣው የኢንቴል ግራፊክስ ኮማንድ ሴንተር ይኸው ሲስተም ከሚለው ሥር ይገኛል።) ሥራው ግማሽ ሰዓት አልሞላም፤ አብዛኛው ጊዜ የሄደውም ድራይቨሩ እስኪወርድ ነበር። 300 ብሩን ከነደረሰኙ ተቀበለች። ለሻይ ብዬ የጨመርኩትን «ዋጋው ይኸው ነው አባባ» ብላ መለሰችልኝ። ስንወጣ ትንሽ ወረቀት ቆርጣ «ኮንትሮል» ብላ በአማርኛ ጻፈችና ስትርግ የሚለው ቁልፍ ላይ በፕላስተር ለጠፈችላት።