ቬንትሌተሩን አልፈታም ላለን መካኒክ

"ብርድ ነው፣ ሞተሩም አልሞቅ ብሏል፤ ቬንትሌተሩን ፍታልን" ሲባል ፈትቶ ሒሳቡን መቀበል ይችል ነበር። እሱ ግን "እሱን አልነካም፣ መጀመሪያ ቴርሞስታቱን ልየው" አለ። ቬንትሌተር ራዲያተሩን በአየር የሚያበርደው ማራገቢያ ነው፤ ቴርሞስታት ደግሞ ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋ ቫልቭ ነው። እጁ ይባረክ፤ ሌላውም ሰው ይወቀው ብለን ነው የምንጽፈው።

የፒክአፓችን ቬንትሌተር ቪስኮስ ክላች (በወፍራም ዘይት የሚይዝና የሚለቅ ማያያዣ) ያለው ነው። ክላቹ ውስጥ የሲሊኮን ዘይት አለ፤ ከራዲያተሩ የሚመጣው አየር ሲሞቅ ፊቱ ላይ ያለው ጥምዝ ብረት ቫልቩን ከፍቶ ክላቹን ያስይዘዋል፣ ሲበርድ ይለቀዋል። ስለዚህ በብርድ ጊዜ ክንፎቹ ቢዞሩም የሚስቡት አየር ጥቂት ነው። ጠዋት ሲነሳ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ቢጮህም አትደንግጡ፤ ዘይቱ ሌሊቱን ተጠራቅሞ ስላደረ ነው። ኤሌክትሪክ የሆነው ቬንትሌተር ደግሞ፣ ኤሲ ካልተከፈተ በቀር፣ በብዙ መኪና ውኃው ወደ 95 ወይም 100 ዲግሪ ካልደረሰ አይነሳም።

ታዲያ ለምን አይፈታም? መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ ለራዲያተሩ ይበቃዋል። መንገድ ተዘግቶ በሚኒሞ (ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር እየሠራ) ሲቆም ወይም ጭኖ ዳገት በቀስታ ሲወጣ ግን የውጪው ብርድ ብቻውን አያድነውም። የመስታወት ጉም ለማጥፋት ኤሲ ሲከፈትም ኮንደንሰሩ (ከራዲያተሩ ፊት ያለው የኤሲው ማቀዝቀዣ) አየር ይፈልጋል። ሳይታወቅ ከጋለ የአሉሚኒየም ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ይጣመማል፣ ጋስኬቱም ይበላል።

ምርመራውን የጀመረው ሌሊቱን ባደረ ሞተር ነው። አስነስቶ ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን የላይኛውን ጎማ ቱቦ በእጁ ያዘ። ቴርሞስታቱ ጤነኛ ከሆነ ቱቦው ለብዙ ደቂቃ ቀዝቃዛ ይቆይና በድንገት ይሞቃል። ይሄኛው ከመጀመሪያው ጀምሮ ከሞተሩ ጋር እኩል ለብ እያለ መጣ። ክፍት ሆኖ ተጣብቋል ማለት ነው።

አዲሱንም ሳይፈትን አልገጠመም። ቫልቩን ከፈት አድርጎ ክር አስነክሶ ድስት ውኃ ውስጥ አንጠለጠለው፣ ቴርሞሜትርም ጨመረ። ላዩ ላይ 82 ተጽፎበታል፤ ውኃው እዚያው አካባቢ ሲደርስ ክሩን ለቆ ወደቀ። አሮጌው ክሩን መንከስም አልቻለም፤ አፉ አልገጠመም።

ሲገጥም ኩላንቱን (የማቀዝቀዣውን ውኃ) ከቴርሞስታቱ ቤት በታች እስኪወርድ አፈሰሰ፣ የአሮጌውን ጋስኬት ቅሪት ፋቀ፣ አየር ማስወጫዋን ትንሽ ቀዳዳ ወደ ላይ አደረገ (ወደ ታች ከሆነች አየር ይታፈናል)። ከዚያ ሂተሩን ሙቅ ላይ አድርጎ አረፋው እስኪያልቅ ሞላ።

ቬንትሌተሩንም ሳያይ አላለፈም። ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ በእጅ ሲገፋ መጠነኛ ክብደት ሊኖረው ይገባል፤ እንደ መጫወቻ ደጋግሞ ከዞረ ወይም ክላቹ ላይ የዘይት ጭረት ከታየ ሞቷል፣ ወደፊትና ወደኋላ ከተወዛወዘ ደግሞ የተበላሸው ኩሽኔታው (የሚዞርበት ቤሪንግ) ነው። ኤሌክትሪክ ከሆነ እጅ አታስገቡ፤ ቁልፍ ጠፍቶም ሊነሳ ይችላል። ኤሲ ከፍታችሁ ካልዞረ ፊውዝና ሪሌውን (የኤሌክትሪክ ማብሪያውን) እዩ፣ ቀጥሎ የቬንትሌተሩን ሞተር በቀጥታ ከባትሪ ሞክሩት።

ራዲያተር ፊት ካርቶን መለጠፍ የሚወድ አለ። ለኃይለኛ ብርድ ካልሆነ አንመክርም፤ ግድ ከሆነም መሃሉ ክፍት ይሁን።

አድራሻውን ለጠየቀን እንሰጣለን። ስትሄዱ መኪናውን እዚያው አሳድሩት፤ ቱቦውን የሚዳስሰው ሞተሩ ሳይነሳ ጀምሮ ነው።