ሲፕሮ አልሸጥም ላለችኝ ፋርማሲስት

ይህን ምስጋና የማቀርበው ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ባለ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ለምትሠራ ወጣት ባለሙያ ነው። ስሟን ልጽፍ ብጠይቃት «ሥራዬን ነው የሠራሁት» ብላ አልፈቀደችም፤ ማዘዣ ሳይዝ የመጣውን ሁሉ ወንበር ስባ አስቀምጣ የምታስረዳው ግን እርሷ ብቻ ስለሆነች ለሚፈልጋት አትጠፋም።

የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ደጋግሞ ይይዘኛል። ቀደም ሲል በሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ ታክሜ ሁለቱንም ጊዜ ያለ ካልቸር ምርመራ (ሽንት ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አሳድጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚያሸንፈው የሚያሳይ ነው) ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ሲፕሮ የተባለው አንቲባዮቲክ ታዘዘልኝ፤ ማቃጠሉ ለጥቂት ሳምንታት ጋብ ይልና ይመለሳል። በሦስተኛው ጊዜ «የማውቀው መድኃኒት ነው» ብዬ ሐኪም ዘንድ ሳልሄድ በቀጥታ ልገዛ ገባሁ። ባለሙያዋ ግን ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና የጎን ውጋት እንዳለኝ አስቀድማ ጠየቀችኝ፤ ሕመሙ ወደ ኩላሊት ከወጣ ሕክምናው ሌላ ነውና። ከዚያም «እናቴ፣ ያለ ማዘዣ አልሰጥዎትም፤ ካልቸር ሳይሰጡም ምንም እንዳይወስዱ፣ ውጤቱን ያበላሽብዎታል» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ተቆጣሁ፤ ሐኪም ዘንድ እስክደርስ መንገዱን ሁሉ እየተነጫነጭሁ ነው የሄድሁት።

ያስረዳችኝን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ይህን ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው ኢ ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ መኖሪያው አንጀት ነው፤ ስለዚህ ለሽንት ብለን የዋጥነው አንቲባዮቲክ አንጀት ውስጥ ያሉትንም ያገኛቸዋል፣ ደካሞቹ ይሞታሉ፣ መድኃኒቱን የተቋቋሙት ይተርፉና ይራባሉ፣ የሚቀጥለው ኢንፌክሽንም ከእነዚያው ከተረፉት ሊነሣ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅትም ሲፕሮፍሎክሳሲንን የሚመድበው በተለየ ጥንቃቄ ሊታዘዙ ከሚገባቸው መድኃኒቶች መካከል መሆኑን ነገረችኝ።

ሐኪሙ ካልቸር አዘዘ። የመጀመሪያውን ሽንት አፍስሼ መካከለኛውን በንጹሕ ዕቃ ሰጠሁ፤ ውጤቱ በሦስተኛው ቀን ደረሰ። የተገኘው ኢ ኮላይ ሲፕሮፍሎክሳሲንንም ኮትሪሞክሳዞል የተባለውን ሌላ አንቲባዮቲክም የተላመደ ነበር፤ ኒትሮፉራንቶይን የተባለው አንቲባዮቲክ ግን ያሸንፈዋል። የኩላሊቴ ሥራ ከታየ በኋላ 100 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ5 ቀን ታዘዘልኝ።

መድኃኒቱ እርሷ ጋ አልነበረም። ተመሳሳይ ነው ብላ ሌላ ልትሰጠኝ አልሞከረችም፤ በራሷ ስልክ ሦስት ቦታ ደውላ ስታዲየም አካባቢ አገኘችልኝ። ከምግብ ጋር እንድወስደው፣ ሽንቴ ወደ ቡናማ ቢያደላም እንዳልደነግጥ፣ ቢሻለኝም ሳላቋርጥ እንድጨርሰው በወረቀት ጻፈችልኝ። በሁለተኛው ቀን ማቃጠሉ ቀለለኝ፤ ከዚያ ወዲህም አልተመለሰብኝም።

እስካሁን አንድ ብር እንኳ ከእኔ አላገኘችም። ወደ እርሷ የምትሄዱ የካልቸር ውጤት ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ የትኛው መድኃኒት ለምን እንደተመረጠ ከፊታችሁ ተቀምጣ ታነብላችኋለች።