ሲሚንቶ ፋብሪካው የት ይተከል? ድንጋዩ ጋ ወይስ ገበያው ጋ?
ሁለት ክልሎች ለአንድ ሲሚንቶ ፋብሪካ ሲሻሙ አንዱ "ድንጋዩ የኔ ነው" ይላል፤ ሌላው "ገዢው እኔ ጋ ነው" ይላል። ሒሳቡ ወደ ድንጋዩ ያደላል። የሲሚንቶ ዋና ጥሬ ዕቃ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል ከክብደቱ 44 በመቶ ገደማው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይበናል። ታዲያ ድንጋዩን እስከ ከተማ መጫን ለጭስ የጭነት ኪራይ መክፈል አይደለም?

ገበያ ያለው ክልልም ባዶ እጁን አይደለም። መብራት፣ መንገድና ባለሙያ አለው። ፋብሪካው የቢራ ቢሆን ኖሮ ለእሱ እፈርድ ነበር፤ ቢራ አብዛኛው ውኃ ነው፣ ውኃን በጠርሙስ አሽጎ ሩቅ ማጓጓዝ ኪሳራ ነው።

ለሲሚንቶ መሃል መንገድም አለ፦ ክሊንከሩ (ድንጋዩ ተቃጥሎ የሚወጣው፣ ገና ያልተፈጨው የሲሚንቶ እንክብል) ድንጋዩ ጋ ይቃጠላል፣ ተፈጭቶ የሚታሸገው ገበያው ጋ ይሆናል። ፖለቲከኞቹ ግን ሪባኑን ለብቻቸው መቁረጥ ነው የሚፈልጉት።